ለተ ማርያም ከመስታወቱ ኋላ

ጎንደር ፒያሳ ላይ ፍሬም ቤት ያለው ምስጋናው፣ ሥዕል ሲበላሽ ካየ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። ኮላ የነካው፣ ፀሐይ የመታው፣ ከመስታወት ጋር የተጣበቀ ሥዕል ሲመጣለት ባለቤቱን ሳይቆጣ አይመልስም። «ሥዕል እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ መስታወት ፊቱ ላይ አይተኛበትም» ይላል። ደንበኛው ደግሞ «እሺ ዶክተር» ብሎ ይስቅበታል። ይሳቅ። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንዲሉ፣ የገዛ እህቱ ሥዕል ግን እቤቱ ግድግዳ ላይ ራቁቱን ተሰቅሎ እያለቀ ነበር።

እህቱ ለተ ማርያም ራሷን የሣለችው ከመሞቷ በፊት በነበረው ክረምት ነው፤ ቀለሙን አወፍራ፣ በቢላ እየለጠፈች። ከአይከል ስትመለስ የተሳፈረችበት መኪና ተገልብጦ ሞተች። ይኸው ሁለት ዓመት ሆናት። የእናታቸው የወይዘሮ ባንቺአየሁ ዓይን የጠፋው ከዚያም በፊት ነው፤ አምባ ጊዮርጊስ ሳሉ ጀምሯቸው፣ ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ «ቆይተዋል እናቴ» ተባሉ። ስለዚህ ልጃቸውን የሚያዩት በጣታቸው ነው። ጧት ተነሥተው፣ ታጥበው፣ ሥዕሉ ላይ ግንባሯን፣ ቅንድቧን፣ አገጯን ይዳስሳሉ። «ሸጋዋ» ይላሉ፤ ሌላ ነገር አይጨምሩም።

ምስጋናው ከሥዕሉ ሥር ባለው በእናቱ አልጋ ላይ የቀለም ቅርፊት እያገኘ ይለቅማል። መጀመሪያ የግራ ቅንድቧ ሄደ። ቀጥሎ የከንፈሯ ዳር ነጣ። ለእናቱ ቢነግር ልባቸው ይሰበራል፣ ዝም ቢል እህቱ ዳግመኛ ትሞታለች።

በመጨረሻ «አቧራዋን ላራግፍላት» ብሎ ዋሽቶ ወሰዳት። የሚያውቀውን ሁሉ አደረገላት፤ ከኋላዋ ሥዕል የማያበላሽ ካርቶን፣ ጠርዝ ጠርዟን መስታወቱ ፊቷን እንዳይነካ ቀጭን ጣውላ፣ መስታወቱንም ቀለም የሚበላውን ጨረር የሚከለክል ከአዲስ አበባ አስመጥቶ። አንድ ጠብታ ኮላ አላስነካትም። በዕድሜው እንደዚያ ያማረ ሥራ አልሠራም። መልሶ ሰቀላት።

እናቱ እጃቸውን ሰደዱ። ጣታቸው መስታወቱ ላይ ተንሸራተተ፤ ወደ ላይ ሄደ፣ ወደ ታች ሄደ፣ የሚይዘው አጣ።

«ምነው ልጄ፣ የት ወሰድሃት?»

«እዚያው ናት እማ። ከመስታወቱ ኋላ ናት። ቀለሟ በእጅሽ እየረገፈ ፊቷ ሊጠፋ ሆነ።»

እጃቸውን ቶሎ ሰበሰቡ። «እኔ ነኝ ያጠፋኋት?»

«አላወቅሽም እኮ።»

ምስጋናው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ለማን ነው የምታቆያት?» አሉ እናቱ። «እኔ እንደሁ መንገደኛ ነኝ። እሷ ልጅ አልወለደች። ለማን?»

«ለኔ» አለ።

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱም ደነገጠ። በለቅሶው ጊዜ ድንኳን የተከለ እሱ፣ ውሃ ያቀረበ እሱ። አልቃሾቹ እናቱን በስም እየጠሩ ሲያለቅሱ፣ የሱን ስም ያነሣ አንድ ሰው አልነበረም፤ ወንድ ልጅ ነዋ፣ ቤት ያዥ። እሱም ሥራ በዛብኝ ብሎ ሳያለቅስ ቀረ።

እናቱ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። ወይዘሮ ባንቺአየሁ በአገራቸው ለሰው ለቅሶ የሚጠሩ ሙሾ አውራጅ ነበሩ፤ ልጃቸው ከሞተች ወዲህ ግን አፋቸውን ከፍተው አያውቁም። አሁን ደረታቸውን በቀስታ እየደቁ ጀመሩ፦

ድንኳን ትተክላለህ፣ ውሃ ታቀርባለህ፣
እህት የሞተችህ፣ ምስጋናው አንተ ነህ።

ምስጋናው እናቱ እግር ሥር ቁጭ ብሎ፣ ሁለት ዓመት ያቆየውን ለቅሶ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰው።

ጩኸቱን የሰማችው ጎረቤታቸው የትነበርሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየሮጠች ገባች።

«ምነው፣ ማን ሞተባችሁ?»

«ነይ ግቢ» አሉ ወይዘሮ ባንቺአየሁ። «እህቱ ሞታበት ነው።»