ደመላሽ መጠጥ የተወበት ድግስ

አሰገደች አንድ ልጇ ደመላሽ መጠጥ ስለተወላት ድግስ ደገሰች። ይጁቤ ላይ ሰክሮ ባጃጁን ከነተሳፋሪው ቦይ የከተተ ልጅ፣ ጸበል ገብቶ፣ ምክር ሰምቶ ስድስት ወር ሙሉ አረቄ ሳይቀምስ ሲከርም፣ እናት ዝም ብትል ግፍ ነው።

የጤና ባለሙያዋ "ቤት ውስጥ መጠጥ አያግኝ፤ ወደ ሱሱ ለመመለስ አንዲት መለኪያ ትበቃዋለች" ብላ አስጠንቅቃት ስለነበር፣ አሰገደች መጀመሪያ ያሰበችው ብርዝና ለስላሳ ብቻ ነበር። ይህን የሰማች ጎረቤቷ የኔአለም ክው አለች። ሰው ጠርቶ በደረቁ መሸኘት ባገሩ ታይቶ እንደማይታወቅ፣ አሰገደችም ዕድሜ ልኳን ቋጣሪ ስትባል እንደምትኖር አስረዳቻት። ሰው ደግሞ ከሱስ ይልቅ ሐሜት ይፈራል። ጠላው ተጠመቀ፤ አረቄውም በጄሪካን መጣ።

በድግሱ ዕለት ንግግር ያደረጉት የቀበሌው የፀረ ሱስ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ፈንታ ናቸው። መጠጥ ወጣቱን እንደጨረሰው ሲዘረዝሩ ጉሮሯቸው ቢደርቅ አንድ መለኪያ ጨለጡ። ሁለተኛውን ለደመላሽ ጤና አነሡ። ከዚያም የዛሬው ሙሽራ አንተ ነህ ብለው ከመደቡ ጫፍ ካጠገባቸው አስቀመጡትና፣ መጠጥ ለመተዉ ደስታ ትንሽ እንዲቀምስ ለመኑት። የነፍስ አባቱም የተባረከ ነው ብለው ዘረጉለት። ልጁን ላብ አጠመቀው እንጂ አልተቀበለም።

"ቃል የገባሁት ለእናቴ ነው" እያለ ሁሉንም መለሰ።

አሰገደች ይህን ከጓዳ ሆና ስትሰማ ደስ አላት። ደስ ያላት ሴት የምታደርገውን አደረገች፤ ጠርሙሱን ይዛ እንግዶቿን ልታስተናግድ ወጣች። እንግዳ ሳይለመን አይጠጣም፤ ጥም ያቃጠለው እንኳ መጀመሪያ "በቃኝ" ይላል። እሷም እንዳይፈስባት ዓይኗን ከመለኪያው ሳትነቅል ቀድታ ትዘረጋለች፤ በቃኝ ሲሏት በሞቴ ትላለች፤ ይቀበሏታል። ሃያ ሰው እንዲህ ለመነች። በኋላማ ምላሷ ያለ እሷ ይሠራ ጀመር።

ከመደቡ ጫፍ ስትደርስም ቀድታ ዘረጋች።

"በቃኝ" አለ የተቀመጠው ሰው። በጫጫታው መሐል ድምፁን አልለየችውም።

"በሞቴ፣ ይህቺን ብቻ።"

በእናቱ ሞት ተለምኖ እንቢ የሚል ልጅ በዚያ አገር ገና አልተወለደም። ደመላሽ እንደ ሥርዓቱ ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበላት። አሰገደች ቀና ስትል ጨልጦ ጨርሷል። አቶ ፈንታ እናት እኮ እናት ናት ብለው አጨበጨቡ፤ እሷ ግን ጠርሙሱን ከጀርባዋ ሸሸገች።

ሁለተኛውን ማንም አልለመነውም፤ መለኪያውን ራሱ ዘረጋላት።