የቆመው ወፍጮ በቴሌቪዥን

አቅራቢው ከጠዋት ጀምሮ መቀመጫ ጠፍቶት ዋለ። ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ መስኮት ይከፍትና መልሶ ይዘጋል። ፊቱን የምትቀባው ልጅ እንኳ "ኧረ በፈጠረህ አንድ ቦታ እርጋ!" ብላ ተቆጣችው። ምን ያድርግ! ማታ በሚመራው የታዳሽ ኃይል ፕሮግራም ላይ የአክስቱ ወፍጮ ይቀርባል።

ወፍጮው በፀሐይ የሚሠራ ነበር። "ነበር" ነው ታዲያ፤ ባትሪዎቹ ከሞቱ ቆይተዋል። የገጠመላት ኩባንያ እቀይራለሁ እያለ ዛሬ ነገ ሲያመላልሳት ከረመ፣ ደንበኞቿም እህላቸውን ተሸክመው ሌላ ወፍጮ ቤት ገቡ። ዋስትናው ደግሞ ሊያልቅ ነው። "ቴሌቪዥን ላይ ሲወጣ ይደነግጣሉ" ብሎ እንድትቀረጽ ያግባባት እሱው የእህቷ ልጅ ነው።

በቀረጻው ቀን ግን ዳይሬክተሩ ወፍጮውን ዞር ዞር ብሎ አየና ፊቱን አጨማደደ። "የቆመ ወፍጮ ማን ያያል? ሰው እኛን የሚከፍተው ተስፋ ለማየት ነው!" አለ። ከዚያማ ለቀረጻ መብራት ያመጡትን ጄኔሬተር ከቤቱ ጀርባ አስነስተው ከወፍጮው ጋር አገናኙት። ድንጋዩ ዞረ፣ ዱቄቱ ወረደ። ካሜራው ጣሪያው ላይ ያሉትን የፀሐይ ሰሌዳዎች አነሳ፤ የጄኔሬተሩን ጩኸት በኋላ በሙዚቃ ሸፈኑት። የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ፕሮግራም በናፍጣ! ጉድ እኮ ነው።

አክስቱ ነገሩ አላማራትም። "የኔ ልጅ፣ ይሠራል ብለው እጃቸውን አጣጥፈው እንዳይቀመጡ?"

"ኧረ አክስቴ! ከፊልሙ በኋላ እኔ በቀጥታ ስርጭት እገባለሁ። መቆሙን በገዛ አፌ እናገርልሻለሁ።"

አመነችው። ለምን አታምነው፣ ያሳደገችው ልጅ ነው።

ማታ ስቱዲዮ ከመግባቱ በፊት ነገሩን ለዳይሬክተሩ አነሳ።

"አብደሃል እንዴ?" አለ ዳይሬክተሩ። "በጄኔሬተር ነው ያስፈጨነው ልትል? ነገ እኔም አንተም ከዚህ ቤት እንባረራለን። ልጆች አሉኝ እኮ!"

"ቃል ገብቼላታለሁ።"

"ሌላ ጊዜ ትክሳታለህ። በል ግባ፣ ሰዓት ደርሷል።"

ፊልሙ ተላለፈ። አክስቱ ዱቄት በነካው ፊቷ ስትስቅ ታየች። ቀዩዋ መብራት በራች፣ ተራው የእሱ ሆነ። ከመስታወቱ ወዲያ ዳይሬክተሩ ዓይኑን አፍጥጦበታል። ተናገር ተናገር ይለዋል፣ ምላሱ ግን አልታዘዝ አለው።

"እንዳያችሁት ነው" አለ በመጨረሻ፣ "ፀሐይ እየፈጨች ነው።" ፈገግም አለ። ከቃሉ ይልቅ የከፋው ፈገግታው ነበር!

ከስቱዲዮ ሲወጣ ዳይሬክተሩ ስልኩን እያወዛወዘ ተቀበለው። "የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ደውሎ አመሰገነን! ሴትዮዋ ባትሪው ሞተ እያለች ስትጨቀጭቃቸው ነበር አሉ። እንኳን ሠራላት፣ አቤቱታዋን ዘግተነዋል ብሏል።"

አቅራቢው ደረጃው ላይ ዘፍ አለ። ራሱን ጠላው። ወዲያው የራሱ ስልክ ጮኸ፤ አክስቱ ናት። እንዳላየ ሊሆን ፈለገና አላስችል ብሎት አነሳው።

"የኔ ጌታ! ጎረቤቱ ሁሉ እኔ ቤት ተሰብስቦልሃል" አለች። ድምፅዋ አጠገቡ ያለች ያህል ጥርት ብሎ ይሰማዋል። "ምን ዋጋ አለው፣ ልክ አንተ ብቅ ስትል መብራት ድርግም አለብን። ነገርካቸው አይደል?"

"አልነገርኳቸውም፣ አክስቴ" አለ። "ፈራሁ። ይሠራል ብዬ ወጣሁ። ኩባንያውም አቤቱታሽን ዘግቶታል።"

ከኋላዋ ጎረቤቶቿ "ምን አለሽ? ሊሠሩልሽ ይመጣሉ?" እያሉ ሲጠይቋት ሰማ።

"መስመሩ ይቆራረጣል" አለቻቸው፣ "ምንም አልሰማሁትም።"