ፀሐይ በምዕራብ የወጣችበት ሳምንት

በልብስ ሰፊው ቤት ጠዋት ጠዋት መቀስ የሚያነሳ የለም። ከሁለት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ድረስ ትልቁ የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛ የጋዜጣ ነው። ልብስ ሰፊው የዕለቱን ጋዜጣ ይገዛና የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ የመስቀለኛ ቃላቱን ሳጥኖች በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ አስፍቶ ይስላቸዋል። ሦስት ሰው በአንዲት ገጽ ላይ ተደፍቶ ግንባር ለግንባር ከሚጋጭ ብሎ ያመጣው ዘዴ ነው። አራት ሰዓት ሲሞላ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ወደ ሥራው ይገባል። አንድ ቀን መጥረጉን ረስቶ ጥቁር ኮት ዘረጋበትና ባለ ኮቱ ጀርባው ላይ «ጉማሬ» የሚል ቃል ተገልብጦ ታትሞበት ስብሰባ ገባ። ሰውየው ሰፊ ትከሻ ከሰፊ ሆድ ጋር የታደለ ስለነበር ማንም እንደ ስህተት አልቆጠረለትም።

እንቆቅልሹ በየቀኑ ርዕስ አለው። ሰኞ እንስሳት፣ ማክሰኞ የቤት ዕቃ፣ ረቡዕ የባለሙያ መሣሪያ፣ ሐሙስ ሰማይና ምድር፣ ዓርብ ቁጥር። ማን እንደሚያወጣው ግን አይጻፍም።

ጠረጴዛው ዙሪያ ከባለቤቱ ሌላ ሁለት ቋሚ ሰዎች አሉ። አንዱ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሰፈሩ «ጋሽ ይታረም» ይላቸዋል፤ ዓርብ ዓርብ ለጋዜጣው የአቤቱታ ደብዳቤ ስለሚጽፉና ደብዳቤው ሁልጊዜ «ይታረም!» ብሎ ስለሚያልቅ ነው። አንዴ «ጎረቤት የሌለው የቤት ዕቃ» በሚል ፍንጭ ተናደው አራት ገጽ ጽፈዋል። ሁለተኛዋ እትዬ ልቅም ናቸው። እዚያው ጋዜጣ ቤት ሠላሳ ዓመት አራሚ ሆነው ስህተት ሲለቅሙ ኖረው አሁን ጡረተኛ ናቸው፤ ለልብስ ሰፊው ቁልፍ እየሰፉ ጠዋታቸውን እዚያ ያሳልፋሉ።

እንቆቅልሹን የሚያወጡት እሳቸው ራሳቸው መሆናቸውን ከዋናው አዘጋጅ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ያልተናገሩት አዘጋጁ ምስጢር ይሁን ስላላቸው ነው። እያደር ግን መናገሩ ራሱ የማይቻል ሆነ። ልብስ ሰፊውና ጋሽ ይታረም በየጠዋቱ እንቆቅልሽ አውጪውን ሲያብጠለጥሉት እሳቸው ዝም ቢሉ ያስጠረጥራቸዋል። ስለዚህ አብረው ያብጠለጥላሉ። «አውቀዋለሁ፣ ከኋላ ክፍል የተወተፈ ሰካራም ነው» ያሉትም እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ልብስ ሰፊው «እጁ ይቆረጥ!» ቢል «አሜን» ብለዋል። አራት ዓመት እንዲህ አለፈ። ሰው ፊት የሚቀርብ ሥራ የቀራቸው ያ ብቻ ነበርና በልባቸው ከልጅ አሳንሰው አያዩትም ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ የሳምንቱን እንቆቅልሾች በፖስታ አድርገው ጋዜጣ ቤት ሲያደርሱ አዘጋጁ የጋሽ ይታረምን ደብዳቤ ያስረክባቸዋል። እቤታቸው ሄደው ያነቡትና ይንጨረጨራሉ። ይበልጥ የሚያበግናቸው ደግሞ ሰውየው አብዛኛውን ጊዜ ልክ መሆናቸው ነው።

አንድ ረቡዕ ጋዜጣው የታችኛው ጠርዙ ተቆርጦ መጣ። የዕለቱ ርዕስ የአናጺ ዕቃ ነበር።

«ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?» አለ ልብስ ሰፊው። «ቁልቁል ዘጠኝ አራት ሳጥን አለው፣ ጥያቄው ግን የለም።»

«መላጊያ» አሉ እትዬ ልቅም፣ ክር በጥርሳቸው እየበጠሱ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

ልብስ ሰፊው ጻፈው። ልክክ አለ። «እትዬ እኮ ሳይጠየቁ ነው የሚመልሱት!» ብሎ አደነቀ። ጋሽ ይታረም ከመነጽራቸው በላይ አንድ ጊዜ አዩአቸውና ዓይናቸውን ወደ ጠረጴዛው መለሱ።

በዚያ ሳምንት ደብዳቤ አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም። እትዬ ልቅም አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ። «አፉን አስያዝኩት!» እያሉ እቤታቸው ውስጥ ብቻቸውን ወዲያ ወዲህ አሉ። ከአራሚ በላይ ስህተት የማያመልጠው ማን አለና!

በአምስተኛው ቅዳሜ አዘጋጁ ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው። ወንበር ከሳበ ነገር አለ ማለት ነው፤ ከተለማማጅነቱ ጀምሮ ስለሚያውቁት አልጠፋቸውም።

«እትዬ፣ የጋዜጣው ባለቤት ገጹን ለኮከብ ቆጠራ ሊሰጡት ነው» አለ፣ ወለሉን እያየ። «እስካሁን የተከራከርኩልዎት በደብዳቤዎቹ ነበር። ‹ሰው ያነበዋል፣ ይኸው ሰው ይናደዳል› እያልኩ አሳያቸው ነበር። አሁን የሚናደድ ጠፋ። እስከሚመጣው ቅዳሜ አንድ ነገር ካልመጣ… በቃ።»

እትዬ ልቅም አራት ዓመት ሙሉ የረገሙት ሰውዬ ለካ ደጋፊ ምሰሷቸው ኖሯል።

ራሳቸው እንዳይጽፉ የእጅ ጽሑፋቸውን ጋዜጣ ቤቱ በሙሉ ያውቀዋል። ጋሽ ይታረምን «ይጻፉልኝ» እንዳይሉ ያ «አሜን» ይከለክላቸዋል። ፖስታውን መልሰው ያዙና «ሰኞ በጠዋት አመጣዋለሁ፣ የሰኞውን ግን አሁኑኑ እዚሁ ልቀይር» ብለው እርሳስ ጠየቁ። የቀሩትን እሑድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጠው ጋሽ ይታረምን እንዲያናድዱ አድርገው አበላሿቸው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስህተት ሆን ብለው ሲዘሩ ያን ጊዜ የመጀመሪያቸው ነው፤ መጀመሪያ ላይ ጽፈው መልሰው አጠፉ፣ ኋላ ግን ነገሩ ጣማቸው። የሚያርማቸው እንደሆነ የለም፤ ጋዜጣው እሳቸው ከወጡ ወዲህ አራሚ አልቀጠረም።

ሰኞ እንስሳት ነበር። «ስድስት እግር ያለው ድር ሠሪ» አለ ልብስ ሰፊው እያነበበ። «ሸረሪት ስምንት አይደለም እንዴ እግሩ? ጋሼ?»

ጋሽ ይታረም የጠረጴዛውን ጠርዝ አጥብቀው ያዙ። ጆሯቸው ቀላ። «አንዳንዱ… ሊጎድለው ይችላል» አሉ።

«እንቁላል የምትጥል፣ ሌት የምትበር አጥቢ!»

«የሌሊት ወፍ። ጻፈው።»

«እንቁላል?»

«ጻፈው አልኩህ!»

እትዬ ልቅም ቁልፉን ትተው ጣታቸውን ወጉ። ሰውየው ታመው ይሆን? ብለው ተጨነቁ።

ማክሰኞ «ምግብ እንዳይበላሽ የሚያሞቅ» ተብሎ መልሱ ማቀዝቀዣ ሆነ። ልብስ ሰፊው እንቆቅልሽ አውጪውን ከነዘር ማንዘሩ ሲሰድበው ጋሽ ይታረም «ሰው ነው፣ ሊደክመው ይችላል» ብለው ተከላከሉለት። ረቡዕ አናጺው በመጋዝ ሚስማር መታ። ጋሽ ይታረም ዋጡት።

ሐሙስ የመጣው ግን የሚዋጥ አልነበረም። ፍንጩ «ፀሐይ የምትወጣበት አቅጣጫ» ይላል፣ አራት ሳጥን። ጋሽ ይታረም ፊታቸው በራና «ምሥራቅ» ብለው ጻፉ። የቁልቁሎቹ ቃላት ግን እምቢ አሉ፤ ሁለተኛው ሳጥን ሌላ ፊደል ይፈልጋል፣ አራተኛውም ሌላ። ጋሽ ይታረም ግንባራቸው ላይ ላብ ቸፈፍ አለ። ከዚያ የጻፉትን በእጅጌያቸው ጠርገው «ምዕራብ» ብለው ጻፉ። ፀሐይን በገዛ እጃቸው በምዕራብ አወጧት።

«ጋሼ፣ ዛሬስ ደብዳቤ አይጽፉም?» አሉ እትዬ ልቅም። ድምፃቸው ልመና ልመና ይል ነበር።

«ምን ይጻፋል? ሁሉም ሰላም ነው» ብለው ጋሽ ይታረም ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። በሩን ስተው ከልብስ መለኪያው መስተዋት ጋር ተጋጩ።

እትዬ ልቅም የዚያን ቀን ማልቀስ ቃጣቸው። የቀረው ዓርብ ብቻ ነው። ዓርብ ቁጥር ነው። የዓርቡን ሲያዘጋጁ ህሊናቸው ወቅሷቸው ነበር፤ የሰው ሃይማኖት እንደ መንካት ቆጥረውታል። ሆኖም ጋዜጣው ታትሟል።

ዓርብ ጠዋት ልብስ ሰፊው ሳጥኖቹን ስሎ ጨረሰና አነበበ። «አግድም አንድ። ሰባት ጊዜ ስምንት። ስድስት ሳጥን።»

«ሃምሳ ስድስት» አሉ ጋሽ ይታረም፣ እንደ እፎይታ። ከዚያ በጣታቸው ቆጠሩ። «ሃ፣ ም፣ ሳ፣ ስ፣ ድ፣ ስ፣ ት። ሰባት ነው።» ደግመው ቆጠሩ። ቁልቁል ሁለትን ሞልተው ሲያዩ አራተኛው ሳጥን ላይ የሰጠው ፊደል «አ» ነበር። መልሱ ሃምሳ አራት መሆኑ ለሦስቱም በአንድ ጊዜ ታያቸው።

ልብስ ሰፊው ጋዜጣውን አስጠግቶ ጥያቄውን ደግሞ አነበበ። ሰባት ጊዜ ስምንት ይላል።

ጋሽ ይታረም ጠመኔውን ለሁለት ሰበሩት። «ሸረሪቷን ሁለት እግር ስትቆርጫት ዝም አልኩ!» ብለው ጮኹ። «የሌሊት ወፏን እንቁላል ስታስጥያት ዝም አልኩ! ፀሐይን በምዕራብ አውጥቻለሁ፣ በዚህ እጄ! ሰባት ጊዜ ስምንት ግን አይሆንም! አንቺ ሴትዮ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ለስንት ሺህ ልጅ ምን ብዬ ነው ያስተማርኩት?»

አራት ዓመት «እርስዎ» ተባብለው የኖሩ ሰዎች ናቸው። እትዬ ልቅም መርፌውን ከእጃቸው ጣሉ።

«ማንን ነው የሚሉት?» አለ ልብስ ሰፊው። አንዴ እትዬ ልቅምን፣ አንዴ ጋሽ ይታረምን አየ። ከዚያ ገባውና ቀለሙ ተለወጠ። «እትዬ… ያኔ ‹እጁ ይቆረጥ› ያልኩት…»

«እኔም አሜን ብያለሁ፣ አትጨነቅ» አሉ እትዬ ልቅም። ወደ ጋሽ ይታረም ዞሩ። «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቁት?»

«ያልተጠየቀ ጥያቄ ከመለስሽበት ቀን ጀምሮ! መላጊያ! በዓለም ላይ ስንት ባለ አራት ፊደል የአናጺ ዕቃ አለ?»

«ታዲያ ለምን ደብዳቤውን ተዉት?»

ጋሽ ይታረም ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ። ቁጣቸው እንደ ፊኛ ተነፈሰ። «አፍሬ ነዋ» አሉ። «አራት ዓመት ፊት ለፊትሽ ተቀምጬ፣ ሰካራም ነው፣ ደንቆሮ ነው ስል… ካወቅኩ በኋላ ብዕር ባነሳ እጄ ተያዘ። ከእንግዲህ ክፉ አልጽፍባትም ብዬ ለራሴ ማልኩ። አንቺ ደግሞ ልትፈትኚኝ ይመስል በየቀኑ ባሰብሽ!»

«ሆን ብዬ ነው እንጂ!» እትዬ ልቅም ጠረጴዛውን መቱት፤ ጠመኔው ቡን አለ። «እስከ ነገ ደብዳቤ ካልደረሰ አምዴን ለኮከብ ቆጠራ ሊሰጡብኝ ነው! እኔን እስካሁን ያኖረኝ የእርስዎ ስድብ ነው! ይጻፉ እንጂ፣ ይስደቡኝ!»

ጋሽ ይታረም ቀስ ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «ወረቀት» አሉ።

ልብስ ሰፊው ሌላ ነገር ቢያጣ ልብስ የሚነድፍበትን ትልቅ ወረቀት ዘረጋላቸው። የአንድ ሙሉ ካፖርት ንድፍ የሚይዝ ወረቀት ነው፤ ሞሉት። የአምስት ሳምንት ስድብ ተጠራቅሞባቸው ነበር። ሲጽፉ ፊታቸው ወዛ፣ አሥር ዓመት ወጣት መሰሉ። እትዬ ልቅም በትከሻቸው በኩል እያነበቡ «ኧረ እዚህ ላይ ይጠንክር፣ ‹እፍረተ ቢስ› ይበሉት» እያሉ ያግዙ ነበር። የዚያን ቀን ልብስ ቤቱ እስከ ስድስት ሰዓት አልሠራም።

ደብዳቤው በዚያው ዕለት እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ጋዜጣ ቤት ገባ። በማግስቱ እትዬ ልቅም ሲሄዱ አዘጋጁ በሩ ላይ ጠበቃቸው። ባለቤቱ ወረቀቱን ወለል ላይ ዘርግተው በጉልበታቸው እየሄዱ አንብበውት፣ «እንዲህ የሚናደድ አንባቢ ያለው አምድማ አይነካም» ብለዋል። ኮከብ ቆጠራው ከአየር ንብረቱ ሥር ጠበብ ያለ ቦታ ተሰጠው።

ጠረጴዛው ዙሪያ ውል ተገባ። እትዬ ልቅም በየሳምንቱ አንድ ስህተት፣ አንድ ብቻ፣ ሆን ብለው ያስገባሉ። በየትኛው ቀን እንደሆነ አይናገሩም። ጋሽ ይታረም ፈልገው ያገኙታል፣ ይሰድቡታልም።

በሚቀጥለው ሰኞ ርዕሱ እንስሳት ነበር። ጋሽ ይታረም ገና ሳጥኖቹ ሳይሞሉ በፈገግታ ወደ ኋላ ተለጠጡ።

«ሁለቱንም አገኘኋቸው» አሉ።

«የትኞቹን ሁለት?» አሉ እትዬ ልቅም። እሳቸው ያስገቡት አንድ ነበር።

«‹ቀንድ ያላት የጭነት እንስሳ›፣ አህያ። አንድ። ‹ከፍጥረት ሁሉ የሚገዝፍ እንስሳ›፣ ዝሆን። ሁለት። ለመሆኑ ዓሣ ነባሪን የት ጣልሽው?»

እትዬ ልቅም መርፌያቸው በቁልፉ ቀዳዳ እንደገባ ቀረ። ዓሣ ነባሪ! ሠላሳ ዓመት ስህተት የለቀመ ዓይን! ጉንጫቸው ጋለ። ልብስ ሰፊው በጨርቅ ጥቅል ጀርባ ሳቁን ሊደብቅ ሞከረ።

«ሁለቱንም ሆን ብዬ ነው» አሉ እትዬ ልቅም፣ ፈርጠም ብለው። «ሳምንቱን በቸርነት ልጀምርልህ ብዬ ነው።»

«እግዜር ይስጥሽ» አሉ ጋሽ ይታረም፣ ወረቀታቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ እያስተካከሉ። «የአህያዋን ግን አልጽፋትም። እሷ የኛ ናት። ደብዳቤው ስለ ዝሆኑ ብቻ ነው።»