መልሱ የወጣለት ፈተና

ሰውየውን የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ባለፍሬሙ ነው የሚለው። ስድስት የሙያ ሰርተፍኬቶቹን በፍሬም አሳምሮ ከወንበሩ ጀርባ ደርድሯቸዋል፤ ኬብል በእጁ ሲነካ ግን ያየው የለም። የእህቷ ባል ባይሆን ኖሮ አብራው የምትሠራው ሴት ዐይኑን ማየት እንኳ አትፈልግም ነበር።

እሷ የሆስፒታሉን ኮምፒውተሮች ቀጥ አድርጋ የያዘች ቴክኒሻን ናት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰርቨር ክፍል ውስጥ ስትለፋ ሰርተፍኬት የሚባል ነገር ትዝ ብሏት አያውቅም። አሁን ኃላፊው ቁርጡን ነግሯታል። ከሦስት የሙያ ፈተናዎች አንዱን መርጣ እስከ ወሩ መጨረሻ ካላለፈች የኮምፒውተር ክፍሉን ባለፍሬሙ ይረከባል፣ እሷም በእሱ ሥር ትሆናለች።

ቢቸግራት ባለፍሬሙን ራሱን ጠየቀችው። ኔትወርክ ይሻለኛል ወይስ የመረጃ ጥበቃ እያለች ስታወጣ ስታወርድ አቋረጣት።

«ስለምትችዪው ምን አስጨነቀሽ? መልሱ የወጣለትን ምረጪ» አላት።

ወዲያው የመረጃ ጥበቃውን ፈተና ጥያቄና መልስ በስልኳ ላከላት። ስድስቱንም ያለፈው እንዲሁ ሸምድዶ መሆኑን ሲነግራት ቅንጣት አላፈረም። ልታጠፋው ቃጣት።

ያም ሆኖ ከፈተችው። መጠባበቂያ ቅጂ የት ይቀመጥ ለሚለው ጥያቄ፣ እዚያው ዋናው ማሽን ላይ የሚለው ተከቦበታል። ማሽኑ ሲበላሽ ቅጂውም አብሮ እንደሚጠፋ ነገረችው። እሱ ግን ሳቀባትና እኔ በዚሁ ነው ያለፍኩት፣ አትፈላሰፊብኝ አላት።

የሆስፒታሉን ቅጂ የሚይዘው እሱ ነበርና ሰርቨር ክፍል ገብታ አየች። የሁለት ዓመት የበሽተኛ ካርድ ቅጂ ዛሬ ነገ ይቆማል በሚባለው አሮጌ ማሽን ላይ፣ ከዋናው ጋር ተከምሯል። በሩ ላይ ደግሞ በየሳምንቱ «ተሠርቷል» እያለ የፈረመበት ወረቀት ተለጥፏል። በዚያ ወረቀት ፊት ስንት ጊዜ ሳታጣራ አልፋለች! እሱን ብቻ ሳይሆን ራሷንም ጠላች።

ሮጣ ኃላፊው ዘንድ ገባች። ቅጂውን ዛሬውኑ ወደ ሌላ ዲስክ ላዛውረው ብላ ለመነችው። እሱም እስክትጨርስ ጠብቆ ቀና አለ።

«እሱ እኮ በዚሁ ጉዳይ ሰርተፍኬት ያለው ሰው ነው። አንቺ ምን ይዘሽ ነው የምትከራከሪው?»

ሰርተፍኬት ካልያዘች ቅጂውን እንደማያስነካት ገባት። የምዝገባውን ፎርም ተቀብላ የመረጃ ጥበቃ ብላ ሞላች፤ ቀኑንም ከሁሉ የቀረበውን፣ የነገን መረጠች። ከቢሮው እንደወጣች ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ባለፍሬሙ የላከላትን ፋይል ከፈተች። ጥያቄውን እየዘለለች መልሱን ብቻ ትሸመድድ ጀመር። ያንኑ የእሱን ሥራ እየሠራች መሆኗ አንገፈገፋት፤ ግን አላቆመችም።