ማህሌት በማስታወቂያ ሰዓት ተሸለመች

አቶ ተስፋሚካኤል ቴሌቪዥን የሚከፍቱት ለዜና ብቻ ነው። የዚያን እሑድ ግን ከምሳ ጀምሮ ሪሞቱን ከእጃቸው አልለቀቁም። የፊልም ሽልማቱ በቀጥታ ይተላለፋል፤ ልጃቸው ማህሌት ደግሞ በድምፅ ቀረጻ ዘርፍ ታጭታለች።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አቻምየለሽ ድፎ ዳቦ ቆርሰው ለስላሳ ደርድረዋል። ገላን ኮንዶሚኒየም ውስጥ እነሱ ከሚኖሩበት ሕንፃ ሥር ሱቅ ያላት አዚዛም፣ ማህሌትን እንደ ታናሽ እህቷ ስለምታያት፣ ሱቋን ዘግታ መጥታለች።

አቶ ተስፋሚካኤል አቃቂ ባለ አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። የማሽኑ ጩኸት ግራ ጆሯቸውን ወስዶታል። ማህሌት ድምፅ መቅዳት ሥራዬ ነው ስትላቸው መጀመሪያ አልተዋጠላቸውም ነበር። አንድ ክረምት ግን አብረዋት ወደ ድሮው ባቡር ጣቢያ ሄዱ። ዝናቡ የዛገውን ቆርቆሮ ሲደበድብ እሷ ማይክሮፎኗን ዘርግታ፣ እሳቸው ጃንጥላ ይዘውላት፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ቆሙ። ስትጨርስ ማዳመጫውን ደህናው ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው። የጠብታው ድምፅ አንድ በአንድ ተለይቶ ሲመጣላቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አሁን የታጨችበት ፊልም ውስጥ የሚዘንበው ያ ዝናብ ነው።

ዝግጅቱ አርፍዶ ተጀመረ። ቀይ ምንጣፉ ላይ የቆመችው ጋዜጠኛ የመጣችውን ሁሉ “ቀሚስሽን ማን ሠራልሽ?” ትላለች።

“የሚሸለመው ፊልም ነው ወይስ ልብስ?” አሉ አቶ ተስፋሚካኤል።

“ታገስ እንጂ ተስፍሽ፣ ገና መጀመሩ ነው” አሉ ባለቤታቸው።

ቀጥሎ ዘፈን መጣ። ከዘፈኑ በኋላ ሁለቱ መድረክ መሪዎች እርስ በርሳቸው ቀልደው እርስ በርሳቸው ሳቁ። ከዚያ ዋናው ስፖንሰር፣ የአንድ ፍራሽ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ፣ መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ ፍራሹ ጥራት ይናገር ጀመር።

“ይሄ ሰውዬ አይወርድም እንዴ?”

“ብሩን የሰጠው እሱ ነዋ ጋሼ” አለች አዚዛ። “ያውራ ተዉት።”

“ያውራ! ፊልም የሠሩት ልጆች ግን ተኮልኩለው ፍራሽ እየሰሙ ነው።”

ካሜራው አዳራሹን ሲቃኝ ወይዘሮ አቻምየለሽ “ያቻት!” ብለው ጮኹ። አቶ ተስፋሚካኤል ቀና ሲሉ ካሜራው አልፏት አንድ ተዋናይ ላይ ቆሟል።

መድረክ መሪው “ከማስታወቂያ በኋላ እንመለሳለን” አለ። ፍራሽ መጣ፣ ዘይት መጣ፣ ባንክ መጣ፣ እንደገና ፍራሽ መጣ። ሲመለሱ መድረክ መሪው ወረቀቱን እያገላበጠ፣ “በዕረፍታችን የቴክኒክ ዘርፍ ሽልማቶች ተሰጥተዋል፤ አሸናፊዎቹን እንኳን ደስ አላችሁ እንላለን። አሁን ወደ ምርጥ ተዋናይ!” አለ።

“ምን አለ?” አቶ ተስፋሚካኤል ጆሯቸው የከዳቸው መሰላቸው።

“የድምፁም ተሰጥቷል ማለቱ ነው” አሉ ወይዘሮ አቻምየለሽ ቀስ ብለው።

“ለማን?”

ወዲያው የወይዘሮ አቻምየለሽ ስልክ ጠራ፤ ማህሌት ነበረች። “እማዬ፣ አሸነፍኩ!” እናትየው እልል አሉ፣ አዚዛ አቀፈቻቸው። ስልኩ ወደ አባትየው ዞረ።

“አባዬ፣ አየኸኝ?”

“የት አይሻለሁ? ፍራሽ ነው ያሳዩን!” ብለው ጮኹባት።

ማህሌት “እሺ አባዬ፣ በኋላ እንገናኝ” ብላ ዘጋች።

“እንኳን ደስ አለሽ እንኳን ሳትላት?” አሉ ወይዘሮ አቻምየለሽ።

አቶ ተስፋሚካኤል ዓይናቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሱ። ድጋሚ ያሳዩ ይሆናል ብለው እስከ መጨረሻው አዩ። ተዋናዩ አሰልጣኙን፣ ፀጉር አስተካካዩን፣ ፍራሽ ፋብሪካውን አመስግኖ እስኪወርድ ተጠበቀ። ማህሌትን የሚያሳይ አልተገኘም። ቴሌቪዥን ጣቢያው ጋ ደወሉ፤ መስመሩ ተይዟል።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ማህሌት የመቅጃ ቦርሳዋን አንግታ፣ ዋንጫዋን በነጠላ ጠቅልላ መጣች። አባቷ ተነስተው ሳሟት።

“ትናንት የጮህኩት ባንቺ አይደለም። እንኳን ደስ አለሽ ልጄ።”

“ገብቶኛል አባዬ።”

“መድረኩ ላይ ምን አልሽ?”

“ቶሎ ተቀብላችሁ ውረዱ ብለውን ነበር። አባቴ ጃንጥላ ይዞልኝ ብዬ ስጀምር ማይኩን ዘጉት።”

“ድምፅ ያሸነፈችውን ልጅ ድምፅ ዘጉባት!”

ማህሌት ሳቀች። ወዲያው ግን ሳቋ ጠፋ፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ወይዘሮ አቻምየለሽ አጠገቧ ተቀምጠው እጇን ያዙ።

ከሰዓቱን ጎረቤት እየመጣ “እንኳን ደስ አላችሁ፤ ግን መቼ ወጣች? እኛ እስከ መጨረሻው አይተን ነበር” ይላል። አቶ ተስፋሚካኤል ለእያንዳንዱ እንደ አዲስ ያስረዳሉ፣ እንደ አዲስም ይናደዳሉ። ጨለም ሲል ዝግጅቱ በድጋሚ ይታያል ተባለና ሁሉም ተሰብስበው ተቀመጡ። የድጋሚው ስርጭት አጥሯል። “የቴክኒክ ዘርፍ ተሰጥቷል” የምትለዋ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳን ተቆርጣ ወጥታለች። የፍራሹ ንግግር ግን ሙሉውን አለ።

አቶ ተስፋሚካኤል ቴሌቪዥኑን አጠፉት። ማህሌት ቀድማቸው ተነስታ ነበር፤ እዚሁ አድራ ጠዋት ቃሊቲ ለቀረጻ ስለምትሄድ የመቅጃዋን ባትሪ ቻርጅ ላይ ትሰካለች።