ማሽኑ እንዳይበርደው

ተራራው አናት ላይ ስደርስ ከንዴቴ በቀር የተረፈኝ ነገር አልነበረም። ከገነተ ማርያም በላይ፣ አንዲት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ የአምቡላንሶቻችንን የሬዲዮ ድምፅ ከጋራው ማዶ የሚያሻግር ሪፒተር ተክለናል። ይኸው መሣሪያ ሳምንቱን ሙሉ እኩለ ቀን ሲሆን ጸጥ ይላል፤ ማታ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሰው ሥራውን ይጀምራል። ማክሰኞ ዕለት አንዲት ምጥ የያዛት ሴት አምቡላንስ ሲጠራላት ሰሚ ጠፍቶ በቃሬዛ ላሊበላ ገብታለች። እሷም ልጇም ደህና ናቸው። አለቃዬ ግን ንዴቱ አልበረደለትም። «ዘበኛው ነካክቶት ከሆነ ቅጹ ላይ ጻፊው፤ በማግስቱ ይሰናበታል» ብሎ ላከኝ።

ዘበኛው ጋሽ የሻው ናቸው። መሬታቸውን ለልጆቻቸው አካፍለው በዚህች ደመወዝ የሚኖሩ፣ ስልሳን ያለፉ ሰው። በስስ ኮት እየተንቀጠቀጡ ተቀበሉኝ።

«የትናየት ልጄ፣ እንደምን ዋልሽ? ኧረ ብርዱ እንዳይመታሽ ግቢ፣ ግቢ።»

ገባሁ። ሙቀቱ ፊቴን ለበለበኝ። የመሣሪያው ሳጥን እጅ አያስነካም። ማራገቢያዎቹን ብፈልጋቸው አይታዩም፤ ጋቢ ሸፍኗቸዋል። አንዱ ጫፍ አየር ማስገቢያው ላይ፣ ሌላው ማውጫው ላይ ተወትፎ፣ መሃሉ ሳጥኑን ዙሪያውን አልብሶታል።

«ጋሽ የሻው! ይኼ ምንድን ነው?»

«ጋቢዬ ነዋ።»

«እሱንማ አየሁት! ማን አልብሱት አለዎት?»

ግራ ተጋብተው አዩኝ። «አንቺው ነሻ! ስትተክይው ጊዜ ‹እንደ ልጅዎ ይጠብቁት› አላልሽኝም? ይኸው ውርጩ ገባ። ነፋሱ በነዚያ ቀዳዳዎች እየገባ ሲያፏጭበት ያድራል። ልጅ አለሽ?»

«አንድ አለኝ።»

«ታዲያ በዚህ ነፋስ ጀርባውን ገልጠሽ ታስተኚዋለሽ?»

ልጄን ይዤ አውቶቡስ ስሳፈር መስኮት ከፈተብኝ ብዬ ያልተጣላሁት ሰው የለም። ማሽን ሙቀት እንጂ ብርድ እንደማይጎዳው የተከልኩት ዕለት ልነግራቸው ይገባኝ ነበር። መኪና እየጠበቀኝ ስለነበር ቸኮልኩ። አፈርኩ።

መሣሪያውን አጥፍቼ ጋቢውን መዝዤ አወጣሁ። የማራገቢያዎቹ ክንፎች ክር ተጠምጥሞባቸው ቆመዋል። ክሩን አንድ በአንድ ለቅሜ፣ አቧራውን ጠርጌ አስነሳኋቸው። ከዚያ የጋሽ የሻውን እጅ ይዤ ማውጫው ፊት አደረግሁት።

«ይኼ ትኩሳቱ ነው። ካልወጣለት ይታመማል።»

እጃቸውን ሳያነሱ፣ «እንግዲያ ያችን ሴት በቃሬዛ ያስኬድኳት እኔ ነኛ» አሉ።

ቅጹን አወጣሁ። «የብልሽቱ ምክንያት» በሚለው ፊት «ባለሙያዋ ስለ አየር ማስገቢያው ለጥበቃ ሠራተኛው ባለማስረዳቷ» ብዬ ጻፍኩ። «ኃላፊው» በሚለው ፊት የራሴን ስም ጻፍኩና ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። እርሳቸው በኮታቸው እጅጌ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ስምንት ሰዓት ላይ የሬዲዮ ሠራተኛዋ ምሥራቅ ከላሊበላ ጣቢያ ጠራችኝ። ፀሐዩ ቆርቆሮውን እየጠበሰው ድምፅዋ ጥርት ብሎ ገባ።

ልወርድ ስል ጋሽ የሻው ጋቢያቸውን ተከናንበው ማውጫው ፊት ተቀምጠው ነበር።

«ሌሊትም ክፍት ይደር?»

«ሌሊትም።»

«በውርጩም?»

«በውርጩም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይ፣ ጨካኝ እናት ነሽ» አሉኝ።