ረመጥና አራት ጣት ሳንቃ

በጠንቋዮች ታሪክ የኔን ጠንቋይ ያህል እሳት የተፋ የለም። ስሙ ረመጥ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በእህቴ የእንጨት ሥራ ቤት፣ እያንዳንዳችን አንድ ሰው ሆነን ዳይስ እየጣልን በምንጫወተው ተረት ውስጥ ዘንዶ ጠብሷል፤ አንዴ እንዲያውም ሐይቅ አፍልቷል። በቀረው ሳምንት እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ።

የዚያን ቀን የእህቴ ሌባ፣ ጥላ፣ ውሃ በሚሞላ ክፍል ውስጥ ተቆለፈባት። እህቴ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጥላን ሆና ተጫውታለች፤ ታሪኳ የተጻፈበት ወረቀት በፕላስተር ተለጣጥፎ ቆዳ መስሏል። በሕጋችን የሞተ ሰው ወረቀት ይቀደዳል። ውሃው ደግሞ አንገቷ ደርሷል።

በሩን አመድ አደርገዋለሁ አልኩ። ተረቱን የሚመራው አጫዋቻችን ጡረታ የወጣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው፤ ጭሱ እንለዋለን። አራት ጣት ውፍረት ያለው ሳንቃ እንዲህ በቀላሉ አይነድም አለ። ዘንዶውን አስታወስኩት። ዘንዶ ሥጋ ነው፣ በር ግን በር ነው አለኝ።

እኛ ዘንድ ክርክር በአፍ አይዳኝም፤ ይሞከራል። እህቴ ምስማር ከፊት እስከ ጀርባ የዘለቀበትን ባለ አራት ጣት የአሮጌ በር ቁራጭ ሞርሳ ላይ አሰረችና ቀለም የምታስለቅቅበትን የጋዝ ነበልባል መትፊያ ለኩሳ ሰጠችኝ።

አንድ ዓመት ያህል አቃጠልኩት፤ በጭሱ ሰዓት አምስት ደቂቃ። ፊቱ ጠቁሮ እንደ አዞ ቆዳ ተሰነጣጠቀ። እህቴ በመሮ ስትፍቀው ከጥፍር ያልበለጠ ከሰል ተነሣ፤ ከሥሩ ያልተነካ እንጨት ብቅ አለ። ጀርባውን በመዳፌ ዳበስኩት። ቀዝቃዛ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በእሳት ስፎክር የኖርኩት ሰውዬ ደግሜ ዳበስኩት።

«የተቃጠለው ላልተቃጠለው ጋሻ ይሆነዋል» አለ ጭሱ፣ ቤተ ጸሎት የገባ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እህቴ ልትቀደው ወረቀቷን አነሣች። «ተወው ወንድም ጋሼ፣ ብዙ ኖራለች።»

እጄን ስሰበስብ ጣቴን ለበለበኝ። ከቀዝቃዛው ጀርባ ብቅ ባለው የምስማር ጫፍ ዙሪያ፣ ክር የሚያክል ጭስ ይወጣል። እህቴ ምስማሩን በጉጠት ብትስበው እንደ ወተት ጥርስ ወለቀ። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን ጠቋራዋን ቀዳዳ አየናት። ብረቱ ግለቱን ውስጥ ለውስጥ አሳልፎ ዙሪያውን እንጨት አክስሎታል።

«የበሩ ማጠፊያ በምን ተይዟል?» አልኩ።

«በምስማር። ግን ያንተ እሳት ቤት ያክላል፤ ምስማር ለማጋል ጠባብ መሆን አለበት። ታሳንሰዋለህ?» አለ ጭሱ።

እኔ ነገር አሳንሼ አላውቅም። እህቴ ቀና ብላ አየችኝ።

«እሳቴ የመርፌ ዓይን ታክላለች» አልኩ።

ዳይሱን ጣልኩ፤ የሚያስፈልገኝ ቁጥር ወጣልኝ። ከውሃው በላይ ያለው ማጠፊያ ምስማሮቹ ግለው ለቀቁ፤ የታችኛውን ውሃው ራሱ ገፍቶ ገነጠለው። በሩ ከነሳንቃው ወደቀ፣ ጥላም ከጎርፉ ጋር እያሳለች ወጣች። እህቴ ወረቀቷን ደረቷ ላይ ለጥፋ ጀርባዋን ሰጠችን።

ያ የበር ቁራጭ ዛሬ ሱቄ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ለደንበኞቼ ውፍረቱ አንድ ክንድ ነበር እላለሁ። ስለ ቀዳዳዋ ግን ምንም አልጨምርም፤ ጣታቸውን ይዤ አስነካቸዋለሁ።